እሑድ የማይፈጨው ወፍጮ

እትዬ ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን የነገረኝ ለሕክምና ደሴ የመጣ አንድ የላሊበላ ሰው ነው። ካርዱ ላይ የመጣበትን አገር አይቼ፣ «ላሊበላ የት ሰፈር ነህ?» አልኩት።

«ከወፍጮ ቤቱ በላይ።»

«ባለወፍጮዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ደኅና ናቸው?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። «ወፍጮው እንኳ የማኅበሩ ነው» አለና ቆይቶ አስታወሰ። «እማማ ማንጠግቦሽን ነው እንዴ? እሳቸውማ አረፉ። ከፍልሰታ በፊት።»

«ታመው ነበር?»

«ብዙም አልታመሙ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱና ጋደም እንዳሉ ነው አሉ።»

ከዚያ ስለ ወገቡ ሕመም መናገሩን ቀጠለ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳወልቅ ነው እንባዬ የመጣው።

ላሊበላ የሄድኩት የጤና ረዳትነት ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ ደርግ ሥልጣኑን ካደላደለ በኋላ ነው። የወገል ጤና ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ደጋውም ብርዱም አዲስ አልሆነብኝም። ጤና ጣቢያው የሠራተኛ ቤት አልነበረውም፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ግቢው ውስጥ ወፍጮ ቤቱ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የክፍሌ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆም ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይጮሃል። ከጊዜ ብዛት ግን ለመድኩት።

እትዬ ማንጠግቦሽ አጠር ያሉ፣ ክንዳቸው የጠነከረ ሴት ነበሩ። ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት የቃመ ስለነበር ያለ ዕድሜያቸው የሸበቱ ይመስሉ ነበር። የኮን ከተማ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ በንጉሡ ጊዜ ወፍጮውን አስፈትተው ከወልድያ በከብት አስጭነው አመጡት። ብዙ ሳይሠሩበት ሞቱ። ዘመድ ሁሉ «ሽጪው፣ ሴት ልጅ ሞተር አታዝም» ቢላቸውም አልሸጡም። ከአንድ መካኒክ ጋር ሆነው ሞተሩን እየፈቱ እየገጠሙ ተማሩት። «ባሌ ወፍጮውን ለኔ አልተወልኝም፤ እኔን ለወፍጮው ነው የተወኝ» ይሉ ነበር።

የወፍጮው ድንጋይ ጥርሱ ሲያልቅ የሚወቅሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መሬት ቁጭ ብለው፣ ድንጋዩን እግራቸው መካከል አድርገው፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ ይመቱታል። እንግዳ የሆነ ሰው «ሴት ድንጋይ ትወቅራለች እንዴ?» ብሎ ሲገረም፣ ቀና ሳይሉ «እዚህ አገር ድንጋይ ያልወቀረ ማን አለ» ይሉታል።

ጠዋት ቤተ ማርያም ሄደው ኪዳን ሳያደርሱ ሞተር አያስነሱም። የቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ከየገጠሩ እህል የተሸከመ ሰው ገና ሳይነጋ በር ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን ተከናንበው በሰዉ መካከል አልፈው ይሄዳሉ። የሚያጉረመርም አይጠፋም። ሲመለሱ ቁልፉን እያወጡ፣ «የፊቱን ፊት አድርጉት፤ የኋላው መንገዱን ያውቃል» ይላሉ። ይህን አባባል ለሁሉም ነገር ይጠቀሙበት ነበር። ስለ ሰማይ መንግሥት ሲናገሩም፣ ስለ ምስር ቅቅል ሲናገሩም ቃሉ ያው ነው። አንድ ቀን «እትዬ፣ የፊቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አሹ፤ ዱቄት መላሙን የሚፈትኑት እንደዚያ ነው፤ ሲያስቡም ዱቄት ሳይኖር ያሻሉ።

«እሱን ማወቁ ነው ዕድሜ የሚፈጀው» አሉኝ።

ቅዱስ ሰው ነበሩ ማለቴ አይደለም። ቁጡ ናቸው። አንድ እሑድ የሥራ ልብሴን አጥቤ ገመድ ላይ ባሰጣው ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩኝም። ሠራተኛቸው ሞላ መሐል ገብቶ «ልጅቷ ተረኛ ስለነበረች ነው» ቢላቸው፣ «ተረኛ መሆኗን እኔም አውቃለሁ። ገመዱ ግን የኔ ነው» አሉት።

እሑድ ወፍጮው ዝግ መሆኑን የማያውቅ የላስታ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አዲስ የመጣው የወረዳ አስተዳዳሪ ግን አላወቀም፤ ወይም አውቆ ሊያፈርሰው ፈልጓል። አንድ ቅዳሜ ሲመሻሽ የሚሊሺያ ስንቅ እህል በጆንያ ጆንያ ግቢያችን ተራገፈ። «ነገ ተፈጭቶ ይደር» ተባለ። እትዬ ማንጠግቦሽ «ነገ እሑድ ነው» ብለው በሩን ቆለፉ። በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለት ታጣቂዎች መንገድ ላይ ጠብቀው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰዷቸው። እኔም ፈርቼላቸው ተከተልኩ። ማንም አልከለከለኝምና በሩ ሥር ቆምኩ።

አስተዳዳሪው መጀመሪያ በደኅና ቃል ነበር የጀመረው። «ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ዘማቹ ነገ ይንቀሳቀሳል። ዱቄቱ ዛሬ ያስፈልጋል።»

«ትናንት ረፋድ ላይ መጥቶ ቢሆን ትናንት ይፈጭ ነበር። ነገም ወፍ ሳይንጫጫ እጀምራለሁ። እሑድ ግን የኔ አይደለችም፣ ልጄ። የሰው ዕቃ አላውስም።»

«ልጄ አይበሉኝ። ጓድ ይበሉኝ።»

«እሺ፣ ጓድ ልጄ» አሉት። ቀልድ አልነበረም፤ የታዘዙትን ማድረጋቸው ነበር። በር ላይ የቆመው ታጣቂ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ያ ሳል ባይሰማ ኖሮ ምናልባት በተግሣጽ ያልፉ ነበር። አስተዳዳሪው ተነሥቶ ቆመና በቀበሌው እስር ቤት እንዲቆዩ አዘዘ። ወፍጮ ቤቱም ታሸገ።

የዘማቹ ስንቅ ግን መቅረት አልነበረበትም። እህሉ ለየቤቱ ተከፋፈለና የከተማው ሴቶች በእጅ ወፍጮ እንዲፈጩት ታዘዘ። በዚያው እሑድ ቀኑን ሙሉ ፈጩ። ማምሻውን አንዷ ትከሻዋ አብጦባት ወደኔ መጣች። ቅባት እያሸኋት ሳለ፣ «እሷ ጽድቋን ፈለገች፤ እኛ ክንዳችን ተቆረጠ» አለችኝ። ሌሎቹም እንደዚያ ይሉ ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ የተፈቱት ሰው በሙሉ ዱቄት አጥቶ አቤት ሲል ነው። ግቢ እንደገቡ የጠየቁት ስለ ዶሮዎቹ ነበር። ራት አቅርቤላቸው ስንበላ፣ በዚያ እሑድ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዲትም ነገር አላስቀረሁም። በአድራጎታቸው ኮርቼ ስለነበር የሴቶቹን ቃል የነገርኳቸው እንዲስቁበት ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት።

«እውነታቸውን ነው» አሉ። «የኔን እሑድ በነሱ ክንድ ነው የጠበቅሁት።»

ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ ወፍጮው ዝግ እንደሆነ ቀጠለ። እሳቸው ግን ስለ እስራቱ ሰው ሲያወድሳቸው ወሬ ይቀይሩ ጀመር። አንድ የመጡ እንግዳ ካህን «ለእምነትሽ የታሰርሽ አንቺ ነሽ?» ሲሏቸው «የታሰርኩስ እኔ ነኝ» አሉ።

ቀጥሎ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። እሱን የኖረበት ያውቀዋል፤ አላረዝመውም። ከተከዜ ዳር ቆላ ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ ከተማው ወጣ። ከገበያው በታች ሸራና ቅጠል ወጥሮ ሰፈረ። ወፍጮውም የሚፈጨው አጥቶ ጸጥ አለ። ናፍጣ ከወልድያ የሚመጣው በአስተዳዳሪው ፈቃድ ነበር፤ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ሙሉ በርሜል ናፍጣ ጓዳ አስቀምጠው ነበር። ቢሸጡት ለመብራትም ለመኪናም የሚፈልገው ሞልቷል፤ ሞላም «ይሽጡት» ይላቸዋል። «የኛ ሰው ዘንድሮ ባይዘራ ለከርሞ ይዘራል። ያን ጊዜ በምን ልሠራ ነው?» ይሉታል። ያ በርሜል ለከርሞ መተዳደሪያቸው ነበር።

የዕርዳታ ስንዴ የደረሰው ለልደት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቅዳሜ ለየሰዉ ተሰፈረ። ያልተፈጨ፣ ጥሬ ስንዴ። በዚያ ዓመት የልደት ዋዜማ እሑድ ነበር፤ በማግስቱ ሰኞ ልደት። ላሊበላ ላይ ልደት ማለት የቅዱሱ ንጉሥም በዓል ማለት ነው። በልደት ቀን እንኳን ወፍጮ፣ መጥረቢያ የሚያነሣ የለም።

እሑድ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስገባ ደጁ በእናቶች ተሞልቷል። ልጆቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እንደ ውኃ እያስቀመጣቸው ነበር። የመጀመሪያዋን እናት «ምን አበላሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የሰጡንን።» የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ። ስንዴ ነው።

«ቀቅለሽ አልሰጠሽውም?»

«በምን እንጨት? በምን ድስት?»

«ለምን አላስፈጨሽውም?»

«በዓል ነው አሉን» አለች። ልትወቅስ አልነበረም፤ የሰማችውን ነው የነገረችኝ።

ያለኝን መድኃኒት አዳርሼ ወደ ቤት ሄድኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከቅዳሴ ተመልሰው ነበር። የበዓል ቀሚሳቸው ታጥቦ፣ ተጣጥፎ አልጋቸው ላይ ተቀምጧል። ያየሁትን ነገርኳቸው። ይፍጩ አላልኳቸውም፤ በፊታቸው እንደዚያ የሚል አንደበት አልነበረኝም።

«እስከ ማክሰኞ ይቆያሉ?» አሉኝ።

«የሚቆዩ አሉ። የማይቆዩም አሉ።»

ጣቶቻቸውን ለረጅም ጊዜ አሹ። ከዚያ «ነይ አሳዪኝ» አሉ።

ሰፈሩ ውስጥ ከሸራ ሸራ ይዣቸው ዞርኩ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና ከአንዲት ሕፃን መዳፍ ጥቂት ፍሬ ወስደው ቆረጠሙ። እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ የያዙትን ጾም መግደፋቸውን ያስተዋሉት አልመሰለኝም። የደረቀ ስንዴ ነበር፤ ጥርሳቸው ላይ ሲሰበር ተሰማኝ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ካሳ ቤት ሄዱ።

መምሬ ካሳ ለማታው ማኅሌት ካባቸውን እያሰናዱ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ መስቀል ተሳለሙና ቆመው ተናገሩ። «አባቴ፣ ዛሬና ነገ ወፍጮ ላስነሣ ነው። ለማስፈቀድ አልመጣሁም። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው።»

መምሬ ካሳ ካባውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እሑድ አልፈጭም ብለሽ የታሰርሽ አንቺ አይደለሽም ወይ? አሁን እሑድንም ልደትንም?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። አባቴ፣ እኔ እስከ ዛሬ ቀኑን ሳስቀድም መንግሥቱን ያስቀደምሁ መስሎኝ ነበር። አሁን እዚያ ሸራ ሥር አየሁት። መንግሥቱ እዚያ ተኝቶ ሆዱን ይዞ ያለቅሳል።»

እትዬ ማንጠግቦሽ መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

ቤት ስንደርስ ሞላ ነገሩን ሰምቶ ፊቱ ጠቁሮ ቆሟል። «እትዬ፣ ሌላ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ። በዚህ ቀን ግን ወፍጮ አልነካም» አላቸው። ይቆጡታል ብዬ ነበር። «አትንካ። ሂድ ሳም። ለኔም ሳምልኝ» አሉት። ሞተሩን ራሳቸው አስነሡ። እኔ ጆንያ ያዝኩ፤ ከሸራ ሰፈር ትንሽ ጉልበት ያላቸው እያቀበሉ፣ እሳቸው የወፍጮው አፍ ላይ ቆመው እያፈሰሱ እስኪጨልም ፈጩ። በልደት ንጋት እንደገና ተጀመረ።

ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት ላይና ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ ድምፃቸው ከተማውን ይሞላል። በዚያ ቀን ግን በመሐሉ የናፍጣ ሞተር ይጮህ ነበር። ሞተሩ ለአፍታ ሲያርፍ ከበሮው ይሰማል። እትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ጊዜ ብቻ ወደዚያ ዞሩ፤ አማተቡ፤ ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ልደትን ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም ነበር።

ረፋዱ ላይ አስተዳዳሪው መጣ። በሩን ሞልቶ ቆሞ ፈገግ አለ። «ለኛ እሑድ ዝግ ነበር። ዛሬ ልደትን ሻሩት? እንግዲህ ከአሁን በኋላ እሑድ ይሠራል ማለት ነው።»

«እሑድ ዝግ ነው» አሉት፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄ ሥራ አይደለም። ልጄ፣ በሩን ልቀቅልኝ፤ ብርሃን ከለከልከኝ።»

ለቀቀላቸው። ለምን እንደለቀቀ አላውቅም። ምናልባት ጆንያ ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ስላዩት ይሆናል።

ልጆቹ ሁሉ ተረፉ ብል እዋሻለሁ። የቀበርናቸው አሉ። ነገር ግን እናቶቹ ዱቄቱን በየጣሳው በጥብጠው በጭራሮ እሳት አጥሚት ማድረግ ቻሉ፤ በዚያው ሳምንት ደጄ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው እየቀነሰ ሄደ። በርሜሉ እስኪያልቅ ድረስ ከማንም ምንም ሳይቀበሉ ፈጩ። ናፍጣው አለቀ፤ ሞተሩ ቆመ።

ከዚያ የከፋው መጣ። ከተማው ተከፈለ። «ልደትን የሻረች» የሚላቸው በዛ፤ በሰላምታ የሚያልፋቸው ጎረቤት አንገቱን ያዞር ጀመር። እሳቸው ደግሞ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ ግንባራቸው አቧራ ነክቶት፣ ጉልበታቸውን ይዘው ነበር። ስግደት ቀኖና እንደተሰጣቸው ሳውቅ ተናደድኩና መምሬ ካሳን መንገድ ላይ አስቁሜ፣ «አባቴ፣ ለዚህ ሥራ ይቀጣሉ?» አልኳቸው።

መምሬ ካሳ በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ። «እኔ ምንም የለብሽም ብያት ነበር። አይሆንም ብላ ያስገደደችኝ እሷ ናት። ‹ያደረግሁትን ነገም አደርገዋለሁ፤ ግን በዓሉን የሻርኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ቀላል ነገር እንዳላየው ቀኖና ይስጡኝ› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

አስተዳዳሪው ናፍጣ ከለከላቸው። ሥራ ላይ ላልሆነ ወፍጮ ናፍጣ አይፈቀድም ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሥራ ያቆመ ወፍጮ ለገበሬው የአገልግሎት ማኅበር ይሰጥ ተባለ። ሰዎች መጥተው ሞተሩንም ድንጋዩንም ፈትተው፣ በሸክም ወደ ማኅበሩ መጋዘን ወሰዱት። ሞላም አብሮ ሄደ፤ ከእሳቸው በቀር ሞተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና። እትዬ ማንጠግቦሽ «ጥርሱን በየጊዜው ውቀሩለት፤ ካልሆነ ዱቄቱን ያቃጥለዋል» ብለው ነግረው ሸኟቸው። በማግስቱ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ይዘው ተቀመጡ።

እኔ ግን አንድ ማታ ራት ላይ፣ «እትዬ፣ መንግሥቱን ላስቀደመ ሌላው ሁሉ ይጨመርለታል ይባል የለም ወይ? ይኸው ወፍጮዎን ወሰዱት። ምን ተጨመረልዎት?» አልኳቸው።

ገረማቸው። ልክ የማውቀውን ነገር የጠየቅኋቸው ያህል አዩኝ።

«ወፍጮው ራሱ ጭማሪ ነበር'ኮ» አሉ። «የተጨመረ ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል። ብዪ፣ ሽሮው ሳይበርድ።»

ወደ ደሴ ስዛወር ጦርነቱ ላስታን ደጋግሞ አዳርሶት፣ መንገዱ የሚያስተማምን አልነበረም። የሚወስደኝ የጭነት መኪና የቆመው ከማኅበሩ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ገበያ ቀን ስለሆነ ሰልፉ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ጓዜን ስጭን እትዬ ማንጠግቦሽን ሰልፉ ጭራ ላይ አየኋቸው። ትንሽ ገብስ በከረጢት ይዘው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ሄጄ አቀፍኳቸው። መርቀው ተሰናበቱኝ፤ ቀዝቃዛ ውኃ በባዶ ሆድ እንዳልጠጣ መከሩኝ።

ሞላ ከውስጥ አይቷቸው ኖሮ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ሮጦ ወጣ። «እትዬ፣ ኧረ እንዴት እዚህ ይቀመጣሉ? ይምጡ ይግቡ፣ ቶሎ ልፍጭልዎት» ብሎ ከረጢቱን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

እሳቸው እጃቸውን ከረጢቱ ላይ አደረጉ። ከፊታቸው አንዲት የቆላ ሴት ሕፃን አዝላ፣ ቁና የማይሞላ ማሽላ ይዛ ቆማለች።

«ተው ሞላ» አሉት። «ከፊቴ ሰው አለ።»